ሽማግሌ የተላከበት ፈተና

ጅማ መርካቶ ውስጥ ለጋሽ ሙሐመድሳኒ እምቢ ያለ ሰው አላውቅም። ሥራቸው ጆንያ መጠገን ነው። ከቡና መጋዘኖቹ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አይጥ የበላውን፣ መንጠቆ የቀደደውን ጆንያ በትልቅ መርፌና በሲባጎ ሲሰፉ ይውላሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ግን እስካሁን መነጽር አልፈለጉም። ሰው የሚያውቃቸው በጆንያ አይደለም። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወንድማማቾች በወሰን ሲካሰሱ፣ ባጃጅ ሰው ገጭቶ ሁለት ቤተሰብ ሊጨራረስ ሲል መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠራቸዋል። መርፌያቸውን ጆንያው ላይ ሰክተው፣ ልብሳቸውን አራግፈው ይነሳሉ።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ሁለት እኩዮቻቸውን አስከትለው ቤቱ ይደርሳሉ፤ ይገባሉ፤ ይቆማሉ። ባለቤቱ ተቀመጡ ይላል። አይቀመጡም። የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም ይላሉ። ጺሙ የነጣ ሰው ቤትህ መሐል ቆሞ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ እያየህ መጽናት አትችልም። ልጆችህ ያያሉ፣ ጎረቤት ያያል። ዐሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው፤ እሺ ትላለህ። እኔ ደብረ ብርሃን ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እዚያም እንዲሁ ነው። ይህን የመሰለ ነገር እንዴት እንደቆሸሸ ነው የምነግራችሁ። ያቆሸሽነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንደኛው እኔ ነኝ።

ስሜ ልዑልቃል ይባላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ልማር መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠዋት ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሬከርድ ክፍሉን እይዛለሁ። ዳይሬክተሩም ባለቤቱም ጎሳዬ ነው። ፊት ለፊት አቶ ጎሳዬ፣ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አልልም።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የግል ትምህርት ቤቶች የልጆቹን ፎቶ የደረደረ ባነር በራቸው ላይ ይሰቅላሉ። የኛ ባነር የአጥሩን ግማሽ ይሸፍናል። «ያስፈተናቸውን ተማሪዎች በሙሉ ያሳለፈ» ይላል። ሐሰት የለበትም፤ ያስፈተናቸውን ነው የሚለው። ጥቅምት ላይ ክፍል ውስጥ የቆጠርኳቸው አርባ ልጆች ነበሩ፤ ባነሩ ላይ የሚታየው ሃያ ስድስት ፊት ነው። የቀሩት ዐሥራ አራቱ የት ገቡ ብሎ የጠየቀ ወላጅ አላጋጠመኝም። የሚጠይቁት ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ አለ ወይ ብለው ነው።

የቀሩት እንዲህ ነው የሚቀሩት። ለብሔራዊ ፈተናው መመዝገቢያ ከመድረሱ በፊት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የራሳችንን ፈተና እንሰጣለን። ከሃምሳ በመቶ በታች ያመጡ ልጆች ስም በመምህራን ስብሰባ ላይ ይነበባል። ጎሳዬ «ጎታቾች» ይላቸዋል። ዐሥራ ሰባት ዓመት የሞላቸውን፣ አንዳንዶቹን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከፍለው የተማሩለትን ልጆች ጎታቾች ይላቸዋል፤ እኛም ደብተራችን ላይ እንጽፋለን። ከዚያ ወላጅ ይጠራል። ምርጫ ነው የሚቀርብለት፦ ልጅዎ ዘንድሮ ተፈትኖ ይወድቅ፣ ወይስ አንድ ዓመት አጥንቶ በሚቀጥለው ዓመት በግል ይፈተን? በግል የተፈተነ ልጅ ውጤት ከትምህርት ቤቱ ጋር አይቆጠርም፤ ይሄኛው ለወላጅ አይነገርም። ወላጁ ይደነግጣል፤ ልጁ ቅጽ ይፈርማል። «እኔ ተማሪ እገሌ፣ ያለማንም አስገዳጅነት፣ በራሴ ፍላጎት በሚቀጥለው ዓመት ለመፈተን መርጫለሁ» ይላል ቅጹ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ያለማንም አስገዳጅነት» የሚለውን ጎሳዬ አልነገረኝም፤ ከራሴ ጨምሬበት እንዲያውም አመስግኖኛል። አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ቢሮ ተጠርተው እምቢ የሚሉ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። አንዲት እናት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዳ ስትጮህ ጎሳዬ ሌላ ዘዴ አሰበ። ሽማግሌ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ማኅተም የለውም፣ አይከሰስም። ወደ መርካቶ ወርዶ ጋሽ ሙሐመድሳኒ ፊት ቁጢጥ አለ። ልጆች ሳይዘጋጁ ገብተው ሊሰበሩ ነው፣ ወላጆቻቸው በጉራ እየገፏቸው ነው፣ አንድ ዓመት ብቻ ይታገሱ ብትሉልን ነፍስ ታተርፋላችሁ አላቸው።

ሰውየው ሞኝ አይደሉም። ግን ጎሳዬ ያላወቀው ጠባሳ ነበራቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ሩፈይዳ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተፈትና ወድቃ ስምንት ወር ከቤት አልወጣችም። ዘመድ ሲመጣ ጓዳ ትገባ ነበር። እናቷ ምግብ ይዛላት ትገባ እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል። አንድ ሰው መጥቶ ልጃችሁን ዘንድሮ አታስፈትኑ ብሎን ቢሆን ብለው ብዙ ተቆጭተዋል። እና ያ ሰው መሆን ፈለጉ። በሦስት ዓመት ዐሥራ አንድ ቤት ቆሙ፤ ዐሥራ አንዱም እሺ አሉ። አንድ ሳንቲም አልተቀበሉም። ጎሳዬ መኪናውን ሲሰጣቸው እንኳ ሽማግሌ በባለጉዳይ መኪና አይሄድም ብለው በባጃጅ ነው የሄዱት።

በግል መፈተን የፈለገ ልጅ ትራንስክሪፕት ለመውሰድ ወደ እኔ መምጣት ግድ ነው። ስለዚህ ከዐሥራ አንዱ ማን ተመልሶ እንደመጣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁለት ናቸው። ሁለት ብቻ። የሌሎቹ ዶሴ ካቢኔው ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አንዳንዱ አገባ፣ አንዳንዷ ዓረብ አገር ገባች፣ አንዳንዱ ባጃጅ ይዟል። አንድ ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ የቤቱ ሥራ የሱ ይሆናል፤ ከዚያ ማንም አይለቀውም። ይህን አውቅ ነበር። ለጋሽ ሙሐመድሳኒ አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝማ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።

ከዚያ የሌንሳ ተራ ደረሰ። አባቷ ዳባ አጋሮ አቅራቢያ ቡና ያለው ገበሬ ነው፤ እሷ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። ሦስት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ጎበዝ የምትባል ዓይነት አይደለችም፤ ግን ያልገባትን ነገር እስኪገባት ድረስ የማትለቅ፣ ደወል ተደውሎ ሰው ሲወጣ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ሥር የምትቀር ልጅ ነበረች። በትምህርት ቤቱ ፈተና አርባ ሰባት በመቶ አመጣች። ሰኔ ድረስ አምስት ወር ነበራት። እኔ የሒሳብ መምህሯ ነኝ፤ ታልፋለች ብዬ እወራረድ ነበር ባልልም፣ ልታልፍ ትችል እንደነበር አውቃለሁ። ጎሳዬ ግን ሊሆን ይችላል የሚባል ነገር አይወድም። ቢሮ ጠርቶ ቅጹን ሲሰጣት መለሰችለት። ድጋሚ ጠራት፤ አልፈርምም አለች። ሦስተኛ ሲጠራት ዘንድሮ እፈተናለሁ፣ ብወድቅም የኔ ውድቀት ነው አለችው። ያን ቀን ጎሳዬ ሬከርድ ክፍል ገብቶ እሁድ ከሽማግሌዎቹ ጋር አጋሮ ሂድ አለኝ። ትምህርት ቤቱን ወክለህ ትቆማለህ አለ።

ጥር ነበር። ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዘን ሄድን፤ ጋሽ ሙሐመድሳኒ፣ ሁለቱ እኩዮቻቸውና እኔ። ሰውየው መንገዱን ሙሉ ደስተኛ ነበሩ። ስለ ልጅቷ ጠባይ ጠየቁኝ፤ ትጉህ ናት አልኳቸው። ትጉህ ከሆነችማ አንድ ዓመት ስትጨምርበት የት ትደርሳለች አሉ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ቅጹ በኪሴ ነበር።

ዳባ ሽማግሌ ሲያይ በሩ ድረስ ሮጦ መጣ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ወንበር ተደረደረ። ሌንሳም ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቧን ለማገዝ ስለምትመጣ እዚያው ነበረች። ጋሽ ሙሐመድሳኒ ሰላምታ ሰጡ፣ ስለ ከብቱና ስለ ቡናው ጠየቁ፤ ከዚያ መሐል ቤት ቆሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላቸው። ዳባ ገባው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ማሎ አባ፣ ይቀመጡ» አለ። ማሎ እባክዎን ማለት ነው። አልተቀመጡም። በኦሮምኛ፣ ረጋ ብለው፣ ለልጅህ ልንለምንላት እንጂ ልንነጥቅህ አልመጣንም፣ አንድ ዓመት ብቻ ትታገስ አሉት። ስለ ሩፈይዳ ነገሩት። ስምንት ወር ጓዳ የተቀመጠችውን የልጃቸውን ታሪክ ለማያውቁት ሰው ቤቱ መሐል ቆመው ነገሩት። ይህ ማታለል አልነበረም። ከልባቸው ነበር፤ ለዚህም ነው የከፋው።

ዳባ አፉን ሊከፍት ሲል ሌንሳ ከጓዳው በር ተነሳች። ልጅ ሽማግሌ ፊት አይናገርም፤ አባቷ በዓይኑ ሊያስቆማት ሞከረ። አልቆመችም። ጋሽ ሙሐመድሳኒን እንጂ እኔን አላየችም።

«አባ፣ ዘንድሮ ካልተፈተንኩ አልፈተንም። አንዴ ወደዚህ ከተመለስኩ ቡናው አይለቀኝም፤ ለቀማው ሲያልቅ ማድረቁ ነው፣ ማድረቁ ሲያልቅ ማረሙ ነው። እርስዎ ከዚህ በፊት የቆሙላቸው ልጆች በዓመቱ ተመልሰው ተፈትነዋል? ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ ተፈትነዋል ካሉኝ እፈርማለሁ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ጥያቄው እንዲያውም ደስ አላቸው መሰለኝ። ዞር ብለው በሙሉ እምነት አዩኝ። «መምህር፣ መዝገቡ አንተ ጋ አይደል? ንገራት» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት የሚለው ቁጥር ምላሴ ላይ ነበር። ጎሳዬን ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ኮንትራቴም የቤት ኪራዬም በሱ እጅ ናቸው። ግን በዚያች ደቂቃ ጎሳዬ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ሦስት ሽማግሌዎች በሰው ቤት መሐል እንደቆሙ ነው። እውነቱን ብናገር እነዚህ ሰዎች በዳባ ፊት፣ በሚስቱ ፊት፣ በር ላይ በተሰበሰቡት ጎረቤቶች ፊት ይዋረዳሉ። ሽማግሌ በቆመበት ይህን መናገር ነውር መሰለኝ። እንዲህ ነው ያደግኩት። የአንዲት ልጅ ዕድል በአንድ በኩል፣ የሦስት ሽማግሌዎች ክብር በሌላ በኩል ሆኖ ክብሩን መረጥኩ። ጨዋ የሆንኩ መሰለኝ።

«ብዙዎቹ ተፈትነዋል» አልኩ።

ሌንሳ ያኔ አየችኝ። ዐውቃ እንደሆነ አላውቅም። ዳባ «ቶሌ፣ ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ መረቁ። ቅጹን ከኪሴ አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። እስክሪብቶውም የኔ ነበር። ፈርማ ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ገንፎ መጣልን፤ እኔም በላሁ። መብላቴ እስካሁን ያስጸይፈኛል።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ ሙሐመድሳኒ ከጎኔ ተቀመጡ። ከተፈተኑት ማን ማን አለፈ ብለው ጠየቁኝ። አባቶቻቸውን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው እንኳን ደስ ያላችሁ ሳይሉ ማለፋቸው እንዳሳፈራቸው ነገሩኝ። ዝም ብል ይነቃብኛል ብዬ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣውን ስም ጠራሁ። ኢሕሳን አልኳቸው። ኢሕሳን ከዐሥራ አንዱ አንዷ ናት፤ አባቷ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል። ትራንስክሪፕት ልትወስድ መጥታ አታውቅም። አልሐምዱሊላህ አሉና ፈገግ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ውሸቴ ሦስት ሳምንት ነው የቆየው። ጋሽ ሙሐመድሳኒ ከጁምዓ ሶላት ሲወጡ የኢሕሳንን አባት አገኙት። ልጅህ አለፈች አሉ፣ ስንት አመጣች ብለው ጠየቁት። ሰውየው የሚሾፍበት መሰለው። ከዚያ ፊታቸውን ሲያይ እንዳልሆነ ገባው። «አባ፣ እርስዎ ቆመው ካስቀሯት በኋላ መቼ ተመልሳ ገባች? ከዳረናት ሁለት ዓመት አለፈን» አላቸው። በክብር ነው የተናገረው፤ አልተቆጣም። ማንም ተቆጥቷቸው አያውቅም።

ጆንያቸውን ትተው ዐሥራ አንዱንም ቤት አንድ በአንድ ዞሩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። በየቤቱ ተቀምጠው ልጁ የት ደረሰ ብለው ጠየቁ። በዐሥረኛው ቀን ሬከርድ ክፍል በር ላይ አገኘኋቸው። ወንበር አቀረብኩ። ሌንሳን አስመዝግባት፣ ቅጹን ቅደደው አሉኝ። የመደበኛ ተፈታኞች ምዝገባ ከተዘጋ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ነገርኳቸው። እጃቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፉ፤ የሲባጎ ጠባሳ የሞላው እጅ ነው።

«ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። እንደሚሰድቡኝ ጠበቅሁ። ስድቡን እፈልገው ነበር።

«ሰው ቤት ገብቼ ስቆም የማቆመው ስሜን ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም። እሱን ለባነር አዋላችሁት» አሉ። ከዚያ ወደ ጎሳዬ ቢሮ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ። ጎሳዬ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው፣ ሻይ አዘዘ፣ አባቴ አላቸው። ሁሉም በፍላጎታቸው ፈርመዋል፣ ፊርማቸው እጄ ላይ ነው አለ፤ ቅጽ አውጥቶ አሳያቸው፤ «ያለማንም አስገዳጅነት» የሚለውን ጣቱን እያሳረፈ አነበበላቸው። ሻዩን ሳይነኩ ወጡ። ጎሳዬ ወደ እኔ መጥቶ ሰውየው አርጅቷል፣ ሌላ ሽማግሌ መፈለግ አለብን አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ ነቀነቅሁ።

መስከረም ላይ ባነሩ ወጣ። ያስፈተናቸውን በሙሉ። ወላጆች ሥሩ ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ ምዝገባችን በሦስት ቀን ሞላ። በጠዋት በገባሁ ቁጥር በዚያ ጨርቅ ሥር አልፋለሁ፤ ያለፉትን ልጆች ፊት እያየሁ የሌሉትን እቆጥራለሁ። መልቀቂያ ጽፌ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቴም መሳቢያ ውስጥ ትቼዋለሁ። ከማቅለሽለሽ አልፎ የሚሄድ ሰው አይደለሁም።

ታኅሣሥ ላይ የግል ተፈታኞች ምዝገባ ተከፈተ። ጋሽ ሙሐመድሳኒ ከየት እንደሰሙ አላውቅም፤ ቅዳሜ ማለዳ የምኖርበት ግቢ መጥተው አንኳኩ። ትራንስክሪፕቷን ይዘህ ውጣ፣ አጋሮ እንሄዳለን አሉ። ውሸቱ ከወጣ ወዲህ ለማንም ሽምግልና እንዳልወጡ ሰምቻለሁ። ሲጠሯቸው አመመኝ ይላሉ። ሁለቱን እኩዮቻቸውንም አላስከተሉም። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አልተቀመጡም።

ያለ ወቅቱ የሚዘንብ ዝናብ አገሩን ይዞት ነበር። ዳባ ግቢ ስንደርስ ቡና ለማድረቅ ከመሬት ከፍ ብለው የተሠሩት የወንፊት አልጋዎች በሙሉ ቀይ ቡና ተሰጥቶባቸዋል፤ ግማሹ በላስቲክ ተሸፍኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቡና ደመና ሲመጣ ይሸፈናል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይገለጣል፣ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል፤ አንድ ቀን ችላ ከተባለ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት ይጠፋል። ቀን ሠራተኞቹ ዝናቡን አይተው ወደየአገራቸው ሄደዋል። እናትየው ለቀማ ላይ ናት፤ ዳባም የተለቀመውን ሲያመላልስ ነው የሚውለው። አልጋው አጠገብ፣ የእንጨት መገልበጫ ይዛ፣ የቆመችው ሌንሳ ነበረች። ከስታለች። ለጋሽ ሙሐመድሳኒ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው፤ ለእኔም እጇን ሰጠችኝ።

ሽማግሌው ዳባን ግቢው መሐል ይቅርታ ጠየቁት። ሳላውቅ በሐሰት ቆሜብህ ነበር፣ ልጅህን በድያታለሁ አሉት። ንግግራቸውን አልጨረሱም፤ ዳባ እጃቸውን ይዞ አባ እንዲህ አይበሉ፣ እኔ እርስዎን ይቅር የምል ማን ነኝ አለ። ይቅርታው በዚህ ፍጥነት መምጣቱ ራሱ አሳፈረኝ። እኔም ሌንሳን ዋሽቼሽ ነበር አልኳት። «ዐውቄ ነበር» አለች፤ ከዚያ በላይ አልሄደችበትም። ምዝገባው መከፈቱን፣ ትራንስክሪፕቷን ይዤ መምጣቴን፣ ራሷ ጅማ መጥታ መታወቂያዋንና ፎቶዋን አዘጋጅታ መመዝገብ እንዳለባት ነገርኳት።

«መቼ ነው የሚዘጋው?»

«አርብ።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

ሁለት አልኳት፤ ምናልባትም ሦስት። ወደ ሰማዩ አየች፣ ከዚያ ወደ አልጋዎቹ። አባቷን አላየችውም። አባቷም መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ሂጂ ማለት ይፈልግ ነበር፤ ከሄደች ማን እንደሚገለብጥ ግን አያውቅም።

«በሚቀጥለው ዓመት እፈተናለሁ» አለች። ሽሙጥ አልነበረበትም። እኔ የጻፍኩትን ቅጽ ቃል በቃል የምታነብ ይመስል ነበር እንጂ። መገልበጫዋን አንሥታ ቡናውን ወደ ዳር መሳብ ቀጠለች።

ጋሽ ሙሐመድሳኒ ጫማቸውን አወለቁ። የሱሪያቸውን ጫፍ ጠቀለሉና ወደ አልጋው ሄደው መገልበጫውን ከእጇ ያዙ። «እስከ አርብ እኔ እዚህ አለሁ። ጆንያ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቡና መገልበጥ አያቅተኝም። አንቺ ሂጂ» አሏት። አንድ ሁለት ጊዜ ሳቡት፤ በደንብ ነው የሳቡት። ሌንሳ እጇ ባዶ ሆኖ ቆማ አየቻቸው፤ ለአንድ አፍታ ፊቷ ተለወጠ። የምትሄድ መሰለኝ።

ዳባ ደርሶ መገልበጫውን በሁለት እጁ፣ በትሕትና፣ ከእጃቸው ወሰደ። «ማሎ አባ፣ የእርስዎን ዕድሜ እንዴት ቡና አስገለብጣለሁ? አገር ምን ይለኛል?» አለ። ጎረቤትም ከአጥሩ ማዶ ነውር ነው ነውር ነው አለ። ሽማግሌው ተከራከሩ። ለመኑ እንኳ። ሰባ አንድ ዓመት እምቢ ያልተባሉ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ እምቢ ተባሉ፤ ያውም በአክብሮት። ወንበር መጣላቸው፣ ጥላ ሥር ተደረገ፣ ትከሻቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ጫማቸውን ዳባ ራሱ አጎንብሶ አጠለቀላቸው። መገልበጫውን ለልጁ መልሶ ሰጣት።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጃኬቴን አውልቄ መገልበጫውን ብይዝ አገር ምንም አይልም ነበር። እስከ አርብ አምስት ቀን የሥራ ቀን ነው፣ ሰኞ ክፍል አለኝ፣ ጎሳዬ ይጠይቀኛል እያልኩ አሰላሁ። ሌንሳ አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ለእኔም ወንበር መጣልኝ፤ ተቀመጥኩ።